የስደተኛ ፈቃድ

ስደት የሚለው ቃል ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በወርኃ ጽጌ፣ ቤተ ክርስቲያናችን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷን በማሕሌትና በጾም ታስባለች። ስለ በረሃው ጥም፣ ስለ መንገዱ ድካምና ስለ ሽፍቶቹ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ስለ መመለሱ ግን የምንሰማው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ዛሬ ሐሳባችንን በዚያ ላይ ልናሳርፍ ወደድን።

ወንጌላዊው ማቴዎስ እንደሚተርከው፣ ሄሮድስ ከሞተ በኋላ መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም ታይቶ ሕፃኑን ሊገድሉ የሚሹት በሕይወት እንደሌሉ ገለጸለት፤ ወደ አገሩም እንዲመለስ ነገረው። አንባቢ በዚህ ስፍራ ያስተውል። የመመለሱ ቃል የመጣው የስደቱ ምክንያት ከተወገደ በኋላ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ዮሴፍ ታዝዞ መንገድ ከጀመረ በኋላ በይሁዳ የሄሮድስ ልጅ አርኬላዎስ መንገሡን ሰማና ወደዚያ መሄድን ፈራ። ስለ ፍርሃቱም አልተገሠጸም። ይልቁንም በሕልም ተረድቶ ወደ ገሊላ አቀና፤ በናዝሬትም ተቀመጠ። እንግዲህ ያ ጻድቅ ሰው መልአክ ተመለስ ብሎት ሳለ እንኳ የሚመለስበትን ስፍራ መርምሮ መፍራት ከተፈቀደለት፣ መልአክ ያልሆነ ባለሥልጣን ተመለስ ያለው ገበሬ ይህ እንዴት ይነፈገዋል?

ጥያቄውን የምናነሣው ለመራቀቅ ብለን አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዲላ ከተማና በመላው የጌዴኦ ዞን ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን ስለምናስብ ነው።

ጌዴኦ ቡናውንና እንሰቱን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አጣምሮ የሚያለማ ሕዝብ ነው። ይህ ጥበቡ የፈጠረው መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ በዓለም ቅርስነት ገብቶለታል። ነገር ግን መሬቱ ጠባብ ነው፤ ከአገራችን ገጠሮች መካከል ሰው እጅግ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው። ስለዚህም ብዙ ጌዴኦዎች ከረዥም ዘመን ጀምሮ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጉጂ ምድር እየተሻገሩ፣ ከጉጂዎች ጋር በጋብቻ እየተዛመዱ፣ በአንድ ገበያ እየሸጡና እየገዙ ኖረዋል። ሽማግሌዎቹ በሚያወርሱት ትረካ የጌዴኦ አባት ደራሶና የጉጂ አባት ጉጆ ወንድማማቾች ነበሩ። ወንድማማችነቱ ጠብን አላስቀረም፤ በ1990 ዓ.ም. እንኳ ሁለቱ ሕዝቦች ክፉ ደም ተቃብተው ነበር።

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በምዕራብ ጉጂ ግጭት ተነሣ። ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ የቡና ማሳ ባለቤት አልባ ሆነ። ለጥቂት ሳምንታት በረድ ያለ መስሎ ብዙዎች ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በሰኔ ከፊተኛው ከፍቶ አገረሸ። ከቀርጫና ከሌሎችም ወረዳዎች የሸሸው ሕዝብ ወደ ጌዴብ፣ ወደ ኮቸሬ፣ ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ዲላ ጎረፈ። ከጉጂዎችም ወገን እጅግ ብዙ ሰው ከቤቱ ተነቅሎ በዚያው በምዕራብ ጉጂ በመጠለያ ወደቀ። የሁለቱ ወገን ተፈናቃይ በአንድነት ሲቈጠር ወደ 1 ሚሊዮን ተጠጋ። በዚያው ዓመት፣ ማለት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018፣ በግጭት ምክንያት በገዛ አገሩ ውስጥ አዲስ የተፈናቀለው ሰው ብዛት በኢትዮጵያ 2.9 ሚሊዮን ደርሶ ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሰው የት አደረ? በትምህርት ቤት፣ በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ፣ ግንባታው ባላለቀ የመንግሥት ሕንፃ ወለል ላይ አደረ፤ ከፊሉም በዘመድ ጎጆ ተጠጋ። እዚህ ላይ ስለ እንሰት አንድ ነገር ማለት ይገባናል። እንሰት እንደ ስንዴ በአንድ ክረምት የሚደርስ አይደለም፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያ ወራት ያለ ጊዜው ተቈርጦ፣ ተፍቆ፣ ቆጮ ሆኖ ለእንግዳ የቀረበው እንሰት የዚያ ቀን ምግብ ብቻ አልነበረም፤ የአስተናጋጁ ልጆች ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሊበሉት የነበረ ነው። ድሃ ጎረቤት የሰጠውን እንዲህ አድርገን ካልመዘንነው ሚዛናችን ሐሰተኛ ነው።

ከዚህ በኋላ መንግሥት ሕዝቡ ወደ ቀዬው በቶሎ እንዲመለስ ወሰነ። በወቅቱ ነገሩን በቅርብ የተከታተሉ የርዳታና የሰብአዊ መብት ድርጅቶች እንደመሰከሩት፣ እህሉ በመመለሻው ስፍራ እንዲሰጥ ተደረገና በመጠለያ ለቀረው ሰው ርዳታው አነሰ፤ በየቦታውም ተቋረጠ። ከተመለሱት ብዙዎቹ ቤታቸውን ዐመድ ሆኖ፣ ጸጥታውንም ሳይረጋ አገኙት፤ ሁለተኛም ተሰደዱ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በጌዴብ ወረዳ፣ ጎቲቲ በሚባለው ስፍራ የተሰበሰቡት ስደተኞች በረኀብ መጎዳታቸው በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ የከሱት ሕፃናት ሥዕልም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዐቢይ አሕመድም በዚያው ወር ወደ ስፍራው ሄደው ሕዝቡን ጎበኙ፤ ርዳታውም ተፋጠነ። ወዲያው ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት የመመለሱ ሥራ በአዲስ ጉልበት ተጀመረ፤ መጠለያዎቹም ፈረሱ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንግባ። አንዲት እናትን በሐሳባችን እናቁም። ሦስት ልጆች አሏት፤ ታናሹ ሆዱ ተነፍቷል። መዝጋቢው መጥቶ፣ «እመት፣ በፈቃድዎ ይመለሳሉን?» ይላታል። በዚህ ብትቀር እህል እንደማታገኝ ታውቃለች፤ ወደዚያ ብትሄድ ደግሞ ያ ጎረምሳ ችቦ ይዞ የመጣበት ደጅ እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ልጇን አየች፤ «እሺ» አለች። በመዝገቡም ላይ «በፈቃዷ» ተብሎ ተጻፈ። ይህ ፈቃድ ነውን?

አንዳንድ ሰዎች፣ «ማን ሰው ነው ያለ ችግር የሚመርጥ? ድርቅ ከአገሩ ያስወጣው ገበሬስ በፈቃዱ ወጣ እንል የለምን?» ይሉናል። መልሱ የሚገኘው ችግሩ ከየት እንደ መጣ በመለየት ነው። ድርቅ ያስቸገረውን ሰው ችግሩ አስጨነቀው እንጂ፣ እሺ እንዲል ብሎ ዝናሙን የያዘበት ሰው የለም። የጎቲቲዋ እናት ግን የጠየቃትና እህሉን የያዘባት አንድ እጅ ነው። ጠያቂው መልሱን ለማግኘት ሲል እህሉን ከከለከለ፣ ከአፏ የወጣው «እሺ» የእርሷ ድምፅ አይደለም፤ የጠያቂው ድምፅ ዞሮ ወደ ራሱ ጆሮ መመለሱ ነው። ስለ ዔሳው ስንሰብክ ብኩርናውን ስለ ምስር ወጥ ማቃለሉን እንወቅሳለን፤ አበውም ምሥጢሩን በብዙ መንገድ ያመሰጥሩታል። ነገር ግን ከዱር ደክሞ በመጣ ወንድም ፊት ድስቱን ይዞ መደራደር ደግ ሥራ ነው ሲል የሰማነው መምህር የለም።

በእርግጥ ለመንግሥት ምክንያት አልነበረውም ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ስደተኛ ያደረበት ትምህርት ቤት ተማሪ አያስተምርም። ማሳ ካልታረሰ የከርሞ ረኀብ ይሆናል፤ ቡናም በጊዜው ካልተለቀመ ይረግፋል። ሰው በተሰፈረለት እህል ብቻ ብዙ ዘመን ቢኖር ክንዱም ልቡም ይዝላል። ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት ግን ይህ ነው፤ የተፈናቀለው ሰው ካልተመለሰ፣ ቤት ያቃጠለው ሰው የፈለገውን አገኘ ማለት ነው። እኛም በዚህ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ አመንትተናል። መመለስ መልካም እንደ ሆነ፣ ለሕዝቦቹም ዕርቅ እንደሚያስፈልግ ማን ይክዳል?

ነገር ግን መልካም የሆነው መመለስ ራሱ የሚጠይቀው ነገር አለ። ቤት ያቃጠለው ሰው ለፍርድ መቅረቡን፣ ጣራ መሠራቱን፣ በሌሊት ጩኸት ቢሰማ የሚደርስ ጠባቂ መኖሩን ይጠይቃል። እነዚህ ሥራዎች ጊዜና ገንዘብ ይፈጃሉ፤ እህል መከልከል ግን ምንም አያስወጣም። ፈተናው በዚህ ነው። በመመለሻው ስፍራ እህል፣ ዘርና ቆርቆሮ ማዘጋጀት የተመሰገነ ነው፤ ሰውን የሚስብ ደግ ነገር ነውና። በመጠለያው ካለው ሕፃን አፍ መንጠቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም «ማበረታታት» በሚባል አንድ ቃል ሲጠሩ ሰምተን አዝነናል።

የሕጉን ነገር ደግሞ እንይ። አገራችን በባዕድ ስደተኛ ረገድ ስሟ የከበረ ነው። የዓለም መንግሥታት በ1943 ዓ.ም. በጄኔቭ የተስማሙበት ሕግ፣ ስደተኛ ሕይወቱ ወደሚያሰጋበት ስፍራ እንዳይመለስ ይከለክላል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1961 ዓ.ም. ማብቂያ በራሷ በአዲስ አበባ በጸደቀው ስምምነት፣ ስደተኛ ያለ ፈቃዱ እንዳይመለስ በግልጽ ደነገገ። ጎቲቲ ከመሰማቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በጥር 2011 ዓ.ም.፣ ምክር ቤታችን አዲስ የስደተኞች አዋጅ አጽድቆ በብዙ አገር ተመስግኖበት ነበር። እነሆ፣ የአገር ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው ይህ ሁሉ ሕግ ይጠብቀዋል። ከቀርጫ ተነሥታ አንድ ወንዝ ብቻ የተሻገረች የገዛ አገራችን ልጅ ግን በዚያ ጊዜ የሚጠብቃት እንዲህ ያለ አዋጅ አልነበራትም። ልጇን አዝላ የሮጠችበት ፍርሃት ከባዕዱ ፍርሃት በምን አነሰ? በ2002 ዓ.ም. በካምፓላ የተፈረመው የአፍሪካ ስምምነት፣ ተፈናቃይ መመለስን ወይም ባለበት መኖርን ወይም ወደ ሌላ ስፍራ መዛወርን ራሱ ይመርጥ ዘንድ መንግሥታትን ያስገድዳል። ኢትዮጵያም ይህን በ2012 ዓ.ም. አጸደቀች። እሰየው ብለናል፤ ለጌዴኦዎቹ ግን አንድ ዓመት ዘግይቶ ነበር።

እንግዲህ ስለ እነርሱ የሚናገር ማን ነው? በሥልጣን ፊት ስለ ሌላ ሰው መቆም ዐመፅ የሚመስላቸው ወንድሞች አሉ። እነዚህ አባታችን አብርሃምን ይመልከቱ። ዘመዱ ሎጥ በዚያ ቢኖርም፣ የለመነው ስለ ከተማይቱ በጠቅላላ ነበር። ራሱን ዐፈርና ዐመድ አድርጎ በትሕትና ጀመረ፤ ነገር ግን ዝም አላለም፤ ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እየቀነሰ እስከ 10 ድረስ በቍጥር ተሟገተ። ተሟጋችነት እንዲህ ነው፤ ንግግሩ የለዘበ፣ ቍጥሩ ግን የታወቀ። ከመጠለያው ስንት ሕፃን ወጣ፣ ስንቱ ደረሰ፣ ስንቱ በወር ውስጥ ተመልሶ መጣ ብሎ የሚቈጥር ካህንና ሽማግሌ ቢኖር፣ የወረዳው ሹም እንኳ የሚያፍርበትና የሚሠራበት ነገር ባገኘ ነበር። ብዙ ሹሞችም እውነቱን የሚናገር መዝገብ ሲያጡ ነው ከበላይ የተላከላቸውን ቃል ብቻ የሚደግሙት።

ስለ አንዱ ወገን ስንሟገት በሌላው ወገን ላይ ክስ እንዳናበዛ ግን መጠንቀቅ ይገባናል። በመጠለያ ያደረችው የጉጂ እናት ልጅ በረኀብ ጊዜ የሚያለቅሰው ያንኑ ልቅሶ ነው። ሁለቱ ሕዝቦች ጎንዶሮ የሚሉት ጥንታዊ የዕርቅ ሥርዓት አላቸው፤ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የፈሰሰውን ደም በመሐላ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ጠብ የሚያነሣ ሰው እርግማን ይወድቅበታል። ይህ ሥርዓት ያለ ችኰላ የሚፈጸም ነው። በደለኛው በደሉን ይናገራል፤ የተበደለውም ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ነው አብሮ መብላት የሚመጣው። የመንግሥት የጊዜ ሰሌዳ ይህን ሊያሳጥረው ቢፈልግ፣ ሽማግሌዎቹ እንቢ የማለት ነጻነት ሊኖራቸው ይገባል።

እንዲህ ያለው ነገር በጌዴኦ ብቻ ተጀምሮ በጌዴኦ ብቻ አላበቃም። ከዚያ ወዲህ በሰሜኑም በምዕራቡም አገራችን ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቷል፤ በብዙ ስፍራም የመመለሻ ቀን ተቈርጦ መኪና ሲሰለፍ እናያለን። ስለዚህ በአጥቢያችን መጠለያ ደጅ መኪናው በቆመ ቀን አንድ ቄስ፣ አንድ መምህር፣ አንዲት የማኅበር እናት ወደ መዝጋቢው ጠረጴዛ ይቅረቡ። ያችም ልጇን ያዘለች ሴት፣ «ዛሬ ባልሄድ ነገ እህሌን እቀበላለሁን?» ብላ ስትጠይቅ፣ መልሱን ከመዝጋቢው አፍ በገዛ ጆሯቸው እስኪሰሙ ድረስ ከአጠገቧ አይራቁ።