የሠሪዋ ስም

በቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ አንድ ባለጸጋ ሰፊ ቤት ሠራ አሉ። ሳሎኑን በባህል ዕቃ አስጌጠው፤ መሶብ፣ አገልግል፣ ከሁሉ በላይ ግን ጀበና። ጥቁር አንገተ ረጃጅም ጀበናዎች መብራት በበራበት መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል። «ቅርሳችን ነው» ይላል ለመጣ ለሄደው።

ጀበናዎቹን የሚሠሩት ከዳገቱ ላይ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። አፈሩን ያቦካሉ፣ እሳት እንዳይሰነጥቀው የተፈጨ ገል ይቀላቅሉበታል። ሆዱን በመዳፋቸው ያወጡና አንገቱን ለብቻው አበጅተው፣ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው እያሹ ያጋጥሙታል። ዓይን በማያየው በዚያ ስፍራ የጣታቸው ፈለግ ይቀራል። ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ ድረስ ይወለውሉታል።

ሒሳባቸውን ሊቀበሉ ሲመጡ ግን የሚቆሙት በጓሮ በር ነበር። ባለጸጋው ልጆቹን «ቡዳ ናት፣ እንዳትጠጓት» ይላቸው ነበር። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ቤት ግን ስድቡ ገና አልሞተም። ሸክላውን መውደድና ሸክላ ሠሪዋን መፍራት በአንድ ልብ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ እኔ አይገባኝም።

አንድ ቀን ከሃዋይ ደሴቶች የመጣ እንግዳ እዚያ ቤት ቡና ተጠራ። ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን፣ በእጅ ሥዕል የደመቀ የእንጨት ሰሌዳ ይዞ ነበር። ባለጸጋው ወዲያው ከጀበናዎቹ በላይ የሚሰቅልበትን ቦታ ማየት ጀመረ። እንግዳው ግን ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ድሮ በአገሬ ጠራቢው ኮዓ የተባለውን ዛፍ ከመቁረጡ በፊት ቀይ ዓሣ ለዛፉ ሰጥቶ ይጸልይ ነበር። ረጅሙ ሰሌዳ፣ ኦሎ፣ የመኳንንት ነበር፤ አጭሩ አላያ ግን የሕዝቡ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1820 ጀምሮ የመጡት ሰባኪዎች ጨዋታውን ነቀፉት፤ ከባሕር ማዶ የመጣ በሽታም ሕዝባችንን ፈጀው። ጨዋታው ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ዱክ ካሃናሞኩ ተነሣ። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በዋና ወርቅ ያገኘው እሱ ነው፤ አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ ሰሌዳ ላይ ቆሞ አሳየ። ዛሬ ሰሌዳችንን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ብዙ ነው። እኔ ግን የምሰጠው የጠራቢውን ስም ለሚጠይቀኝ ሰው ብቻ ነው።»

ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረና «እነዚህንስ የሠራቸው ማን ነው?» አለ።

ባለጸጋው መልስ አጣ። ስማቸውን አያውቅም፤ ስንት ዘመን ከእሳቸው ሲገዛ «አንቺ ሴትዮ» ከማለት በቀር ሌላ ጠርቷቸው አያውቅም። ቡና የምታፈላው ልጁ ግን «ጓሮ ቆመው ሒሳባቸውን እየጠበቁ ነው» አለች።

ባልቴቷ ተጠርተው ገቡ። አንዱን ጀበና ከመደርደሪያው አውርደው ለባለጸጋው ዘረጉለት።

«ጣትህን ወደ አንገቱ አስገባ፣ ልጄ። ጎርበጥ ያለው ተገኘልህ? እሱ የኔ ጣት ነው። ከሰሉ ላይ የተጣደውም የእጄ ሥራ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ቡናህ በጣቴ ፈለግ ላይ እያለፈ ስትጠጣው፣ ምን አገኘህ?»

ሰውዬው ጣቱን ከጀበናው ሳያወጣ ቆመ። ኋላ ላይ ነው ድምፁ የወጣው፦ «እናቴ፣ ስምዎን ማን ልበል?»

ነገሩት። አቦሉ አልቆ ነበርና ቶናውን ከጎኑ አስቀምጧቸው ጠጡ። ሰሌዳውንም እንግዳው በዚያ ቤት ትቶት ሄደ ይባላል።

እናንተም ቀጨኔ ጀበና ልትገዙ ስትወጡ፣ በዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት የሠሪዋን ስም ጠይቁ። የገዛችሁት ጀበና ቤታችሁ ቡና ሲፈላበትም እሷን ጥሯት።