ከንቱ ለሚመስል ጥያቄ የሚገባው መልስ

ሰው ሥራውን በሚገባ ፈጽሞ ካስረከበ በኋላ ትርጉም የሌለው የሚመስል ጥያቄ ቢቀርብለት የመመለስ ግዴታ አለበትን? ነገሩ የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን እውነትንና ፍትሕንም ይነካል። ይህን በግልጽ ለመረዳት ይህ ፈተና ዘወትር የሚያጋጥመውን አንድ ሙያ፣ በአሜሪካ የሚሠሩትን የቤት ዋጋ ገማቾች ሥራ እንመልከት።

በዚያ አገር ቤት ለመግዛት የሚበደር ሰው ቤቱን በመያዣነት ይሰጣል። አበዳሪውም ብዙውን ጊዜ ገለልተኛ ገማች ያዛል። ገማቹ በተለመደው አሠራር ቤቱን ያያል፣ ይለካል፣ ቢያንስ ከ3 የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ያነጻጽራል፣ ሪፖርቱንም ያቀርባል። ሪፖርቱ ለመርማሪ ሲደርስ ጥያቄ ይመጣል። «የመኝታ ክፍሎቹ ስንት ናቸው?» ይባላል፤ መልሱ ግን በሪፖርቱ ተጽፏል። «በቅርቡ የተሸጠውን ያንን ቤት ለምን አላነጻጸሩም?» ይባላል፤ ያ ቤት ግን ከአውራ ጎዳናው ማዶ፣ በሌላ ሰፈር ያለ መሆኑ አስቀድሞ ተብራርቷል። ገማቹ ለዚህ ድካም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ስለማያገኝ ቢቆጣ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ማስተዋል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዚያ አገር ብዙ የቁጠባና የብድር ተቋማት ሲወድቁ ከምክንያቶቹ አንዱ የተጋነነ የንብረት ግምት ነበር። በ1989 የወጣው ሕግም የገማቾች የሙያ ፈቃድ ሥርዓት እንዲቋቋም አደረገ። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ በ2010 የወጣው ሕግ ደግሞ በገማች ላይ ጫና ማድረግን ከለከለ። ከ2015 ወዲህ ፋኒ ሜ የተባለው የቤት ብድር ተቋም ሪፖርቶችን በኮምፒዩተር መርምሮ ከ1 እስከ 5 የስጋት ነጥብ የሚሰጥ ሥርዓት ለአበዳሪዎች አቅርቧል። እንግዲህ አንዳንዱ ጥያቄ የሚመነጨው ከሰው ንቀት ሳይሆን ከማሽን ምልክት ነው፤ ጠያቂውም የታዘዘውን የሚፈጽም ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

አሪስቶትል ቁጣ ሁሉ ክፉ ነው አላለም። በሚገባው ሰው ላይ፣ በሚገባው ምክንያት፣ በሚገባው ጊዜና መጠን የሚቆጣ ሰው እንደሚመሰገን አስተምሯል። ስለዚህ ገማቹ ጥያቄዎቹን መለየት አለበት። መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ከሆነ ቦታውን በአጭሩና በአክብሮት ማመልከት ይበቃል። ጥያቄው እውነተኛ ጉድለት ካሳየ ማረም ግዴታ ነው። ጥያቄው የማብራሪያ ልብስ ለብሶ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ የመጣ ከሆነ ግን በጽኑ እምቢ ማለት ይገባል። የ2010ሩ ሕግ ራሱ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ተጨማሪ መረጃ እንዲታይ፣ ማብራሪያ እንዲሰጥ ወይም ስሕተት እንዲታረም መጠየቅን ይፈቅዳል፤ ገማቹ ከራሱ ፍርድ ይልቅ የሌላውን ፍላጎት እንዲጽፍ ማስገደድን ግን ይከለክላል።

ከቁጣ የሚከፋ ሌላም ፈተና አለ፤ ይኸውም መሰልቸት ነው። የሰለቸው ሰው ጥያቄው እንዲዘጋለት ብቻ የማያምንበትን ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በጽሑፍ የሰፈረ ሐሰት ነው። የሙያው ደንብ የሥራው ሰነድ ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ወደፊት የሚያነበው ሰው የጸሐፊውን ድካም አያይም፣ ቃሉን ብቻ ያያል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የዛሬው ግዴለሽነትም እያደር ይገለጣል።

መርማሪውም ከዚህ ኃላፊነት ነጻ አይደለም። ሳያነቡ መጠየቅ የባልንጀራን ጊዜ መስረቅ ነው፤ ራስን ከወቀሳ ለመከላከል ብቻ መጠየቅም ሸክምን በሌላው ትከሻ ላይ መጫን ነው። ከሁሉ በላይ፣ ከንቱ ጥያቄ ሲበዛ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ በመካከሉ ተሰውሮ ይቀራል።

በሁለቱ መካከል ደግሞ በደብዳቤው ልውውጥ ውስጥ የማይታይ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ተበዳሪው ነው። ግምቱ ቢጋነን ቤቱ ከሚያወጣው በላይ ዕዳ ሊሸከም ይችላል፤ ያለ አግባብ ቢያንስ ደግሞ የተመኘው ቤት ሊያመልጠው ይችላል። በየትኛውም ሙያ ላይ ብንሆን አሰልቺ ጥያቄ ሲቀርብልን ጠያቂውን ብቻ ሳይሆን ይህን የማይታይ ሰው እናስብ። መልሳችን ትሑት ይሁን፤ እውነቱ ግን አይናወጥ።