ጭረት ጉዳት ነው ወይስ ምስክር?

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ የሚጠቀሰው ስለ ወዳጅነትና ስለ ክብር ቢሆንም መነሻው የዕቃ ጉዳይ ነውና ከዚያው እንጀምር። የነቃ ብርሌ ጠጅ አይዝም፤ ጠጅ ካልያዘም የተሠራበት ዓላማ ቀርቷል። ፍርዱ በጥቅም ላይ የቆመ ስለሆነ የሚከራከር የለም። ይሁን እንጂ ማንም ሊጠጣበት የማያስበው፣ መደርደሪያ ላይ እንዲታይ ብቻ የሚገዛ ብርጭቆ ሲሆን ፍርዱ በምን ላይ ይቆማል?

ጥያቄው ለክርክር ያህል የተፈጠረ አይደለም። በአሜሪካ «የድቀት ዘመን ብርጭቆ» እየተባለ የሚጠራ፣ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት የገበታ ዕቃ አለ። በ1929 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፤ በ1933 ከአሜሪካ ሠራተኛ አራተኛው እጅ ገደማ ሥራ አጥ ሆነ። በዚያ የችግር ጊዜ በፔንሲልቬንያ፣ በኦሃዮ፣ በዌስት ቨርጂንያና በኢንዲያና የሚገኙ ፋብሪካዎች ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ያላቸውን ሰሃኖችና ብርጭቆዎች እያመረቱ በጥቂት ሳንቲም ይሸጡ ነበር። አልፎ ተርፎም በነፃ ይታደሉ ነበር፤ የአጃ ካርቶን የገዛች እመቤት ውስጡ ሲኒ ታገኛለች፤ ሲኒማ ቤቶችም ወንበራቸው ባዶ እንዳይቀር በተወሰነ ምሽት ለተመልካች ሰሃን ይሰጡ ነበር።

የእነዚህ ዕቃዎች ጌጥ ራሱ ኩረጃ ነው። በባለጠጋ ቤት የሚገኘው ክሪስታል በባለሙያ እጅ የተቀረጸ ሲሆን፣ ፋብሪካው ግን ጌጡን በብረት ቅርጽ ማውጫ ላይ አንድ ጊዜ ካስቀረጸ በኋላ መኪናው የቀለጠውን ብርጭቆ እየጨመቀ አንድ ዓይነት ሰሃን በብዛት ያወጣል። የአበባውና የሐረጉ መብዛትም ለውበት ብቻ አልነበረም፤ በርካሽ ብርጭቆ ውስጥ የሚቀረውን የአየር ፊኛ ይሸፍን ነበር። እኔ ይህን ኩረጃ አልነቅፍም። ሥራ ያጣ ቤተሰብ ሾርባውን ከአበባ ላይ እንዲበላ ያስቻለ ኩረጃ ነውና።

ዛሬ እነዚህ ዕቃዎች ዋጋ የሚወጣላቸው በሌላ ሥርዓት ነው። የቅቤ ማስቀመጫ ክዳን ከታችኛው ሰሃን እጅግ ይበልጥ ይወደዳል፤ ምክንያቱ ክዳኑን የምታነሳ እጅ ስለምትሳሳትና ብዙው ተሰብሮ ስላለቀ ነው። ጠርዙ የተሸረፈ ብርጭቆ ዋጋው ይወድቃል። እስከዚህ ድረስ ከብርሌው አባባል አልራቅንም። የሚያስገርመው ግን የቢላዋ ጭረት ጉዳይ ነው። ቤተሰብ ለዓመታት የበላበት ሰሃን ፊቱ ስለተጫጫረ ይረክሳል፤ ማንም ሳይነካው ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመው አቻው ይከብራል። እንግዲህ ይህ ገበያ የሚቀጣው መጠቀምን ራሱን ነው ማለት ነው።

ለሰብሳቢዎቹ ፍትሕ መንፈግ አይገባም። ከቆሻሻ ጋር ሊጣል የነበረውን ያተረፉት እነርሱ ናቸው፤ ሄዝል ማሪ ዌዘርማን የተባለች አሜሪካዊት በ1970 ስለ ዘመኑ ባለቀለም ብርጭቆዎች መጽሐፍ ባታሳትም ኖሮ የብዙው ጌጥና ፋብሪካ ስም ዛሬ በቀላሉ ባልታወቀም ነበር። ጌጡ ጠርቶ እንዲታይ መፈለጋቸውም ነውር የለበትም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ጥንታዊነቱን ወደድን የሚሉ ሰዎች ጥንታዊ ያደረገውን ኑሮ ስለምን ከዋጋው ይቀንሳሉ?

መልሱን ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ወገን ነው፤ ከአስመሳዮቹ። ዋጋው ሲንር ኩረጃውን የሚኮርጁ ተነሡ። ጃኔት የተባለው የፔንሲልቬንያ ፋብሪካ ከ1930 እስከ 1939 ያመረተውን «የቼሪ አበባ» የተባለ ጌጥ ብንወስድ፣ በ1973 የልጆች መጫወቻ የሆነው ሲኒው ተመስሎ ተሠራ። ሲኒው በቀኝ እጅ ሲያዝ ግን የቼሪው ፍሬዎች ቁልቁል በመንጠልጠል ፈንታ ሽቅብ ቆመው ተገኙ፤ ከእውነተኛው ላይ የተወሰደው ቅርጽ ሲገለበጥ ጌጡም አብሮ ተገልብጦ ነበር። ሁሉም እንዲህ በቀላሉ አይጋለጥም። ማቅለሚያው ዩራንየም ያለበት አረንጓዴ ብርጭቆ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያበራል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ብርጭቆ ዛሬም ስለሚሠራ ማብራቱ ዕድሜን አያረጋግጥም።

በአዲስነቱ የተሸጠ ቅጂ ማንንም አልበደለም። በደሉ የሚጀምረው አንዱ ሻጭ «አዲስ» የምትለዋን ቃል ሲውጣት ነው። ያን ጊዜ የሚዋሸው ስለ ብርጭቆው አይደለም፤ ብርጭቆው ብርጭቆ ነው። የሚዋሸው ስለ ሰዎች ነው፤ በዚህ ሲኒ ያልተጫወተች ልጅ ተጫወተች ይላል።

ለዚህም ነው አዋቂ ገዢ ዕቃውን ገልብጦ ታቹን የሚመረምረው። ፊቱ ላይ ሲያገኘው ዋጋ ያስቀነሰበትን ጭረት መቀመጫው ላይ ሲያጣ ይጠራጠራል። ይህን የሚያውቅ አጭበርባሪ ደግሞ የአዲሱን ሰሃን መቀመጫ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል። በማጉያ መነጽር ሲታይ የእርሱ መስመሮች ጎን ለጎን ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ ናቸው። ገበታ ላይ ለዓመታት ሲገፋ፣ ሲሳብ፣ ሲታጠብና ሲደራረብ የኖረው ሰሃን መስመሮች ግን በያቅጣጫው ይሻገራሉ፤ አንዱ ጥልቅ ነው፣ አንዱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ሁለቱ አይመሳሰሉም።