ሕመሙ አንድ፣ ሐሳቡ ሌላ



ራሳችሁን ሲያማችሁ ቀድሞ የሚመጣባችሁ ሐሳብ ምንድን ነው? «ደክሞኝ ይሆናል» ነው ወይስ «ያ ክፉ በሽታ ያዘኝ»?

በኮቪድ ክትባት ሙከራዎች፣ ክትባት የሌለበት መርፌ ከተወጉት ከ100 ሰዎች 35 ያህሉ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ እንደ ራስ ምታትና ድካም ያለ ስሜት ተሰምቷቸዋል። ሁሉም ከሐሳብ የመጣ ነው ባይባልም፣ ስጋት የራሱ ድርሻ አለው። «ያመኛል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ ሌላ ጊዜ ልብ የማይለውን ሁሉ ማዳመጥ ይጀምራል። ፍርሃቱ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ሕመሙን ያብስበታል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትኩሳት የያዘውን አንድ የገጠር ሽማግሌ ሲጠይቁ፣ በሽታው ከወንጀል ማጥሪያ እንዲሆንለት ተመኙለት። እሱ ግን ትኩሳቱ ወደ መቃብር የሚወስደው መሆኑን ተናገረ። እሳቸውም እንግዲያው እንዳለው ይሁን አሉ። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ታዲያ የታመመን ሰው «ሐሳብህ ነው ያሳመመህ» ብለን እንውቀስ? በፍጹም! ነቢዩም ራሳቸውን ሲያማቸው ለዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። አዩብም (ዐ.ሰ) ጉዳታቸውን ለጌታቸው አሰምተዋል። «አመመኝ» ማለት ሰብር ማጣት አይደለም፤ ሑስኑ ዘንም ሐኪም ቤት መሄድን አይተካም። ያመመንን መናገር አንድ ነገር ነው፤ ያልመጣውን በራስ ላይ መፍረድ ግን ሌላ።

ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ሕመምተኛ የምትጠይቁ ከሆነ፣ በዚያው በሽታ የሞተ ሰው ወሬ ይዛችሁ አትግቡ። ዱዓ አድርጉለት፣ ሲናገር አዳምጡት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ አፊያ ይስጥልን። ጁሙዓ ሙባረክ!