ስለ ቀብድ፤ ቤቱን ለሚያሠራ ክርስቲያን የተጻፈ ቃል



የግንቦት ደመና መጥቆር ሲጀምር በከተማ ያለ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። ቆርቆሮው ዝጎ የተበሳበት፥ በሩ አልገጥም ያለው፥ የግድግዳው ልስን የረገፈበት ሁሉ ክረምት ሳይገባ ሠራተኛ ይፈልጋል። አናጢው ወይም ግንበኛው መጥቶ ቤቱን ይዞራል፥ ይለካል፥ ዋጋውን ይናገራል፤ ከዚያም በኋላ «ቀብድ ይስጡኝና ነገ እጀምራለሁ» ይላል። በዚያች ሰዓት እጅህ ወደ ኪስህ ሲሄድ ልብህ ወዴት እንደሚሄድ ትመረምር ዘንድ ይህ ተጻፈልህ።

አንዱ ሰው ተታልዬ ገንዘቤን እንዳላጣ ብሎ ብቻ ያስባል፤ ስለዚህ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ሌላው ደግሞ ከነገሩ ለመገላገል ሙሉውን ዋጋ በአንድ ቀን ይቈጥራል፥ ይህም ቸርነት ይመስለዋል። ሁለቱም የሚያስቡት ስለ ራሳቸው ነው። ክርስቲያን ግን ሌላ ጥያቄ አለበት፤ ይህ ገንዘብ ወደዚህ ሰው እጅ ሲገባ፥ ወይም ከእጁ ሲከለከል፥ በነፍሱና በማዕዱ ላይ ምን ያደርጋል?

እስቲ የቀብድ መበላት ከየት እንደሚጀምር እንመልከት። ብዙዎቻችን «ሠራተኛ ሁሉ ሌባ ነው» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። የብዙው አናጢ ኑሮ ግን እንዲህ ነው፤ በሣጥን ያስቀመጠው ገንዘብ የለውም፤ ያለው መጋዙ፥ መላጊያው፥ መዶሻውና እጁ ነው። በአንደኛው ቤት በርና መስኮት ሠርቶ ጨረሰ እንበል። ባለቤቱም «ቀሪውን ወር ሲወጣ እሰጥሃለሁ» አለው። እርሱ ግን ለጣውላ ነጋዴው ዕዳ አለበት፤ ረዳቱም የቀኑን ዋጋ ይጠብቃል፤ ልጆቹም እራት ይሻሉ። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ቤት ሄዶ ቀብድ ይቀበላል፥ በእርሱም የአንደኛውን ቤት ዕዳ ይከፍላል። ለሁለተኛው ቤት ዕቃ የሚገዛበት ስለሌለው ከሦስተኛው ቤት ቀብድ ይቀበላል። እንዲህ እያለ ይሄዳል። በመጨረሻም የአራተኛው ቤት ጣሪያ ተነቅሎ ሳለ ዝናቡ ይመጣል፤ ሠራተኛውም ስልኩን ዘግቶ ይሰወራል።

አራተኛው ባለቤት ቀብዴን በላ ብሎ ይጮኻል። እውነትም ተበድሏል፤ የሠራተኛውን ጥፋት አንሸሽግም፤ ያልሠራበትን ገንዘብ ለሌላ ዕዳ ማዋል በአደራ ላይ የተፈጸመ በደል ነውና። ነገር ግን ያንን ቆርቆሮ አንሥቶ ቤቱን ለዝናብ የተወው ማን ነው? «ወር ሲወጣ» ያለው የመጀመሪያው ባለቤት አይደለምን? እርሱ ግን በአዲሱ በሩ ገብቶ፥ ቈልፎ፥ ጸሎቱን አድርሶ ይተኛል፤ ስሙንም በዚህ ነገር የሚያነሣበት የለም።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ12ኛው ምዕራፍ ስለ ንጉሥ ኢዮአስ የተጻፈውን ቤት የሚያሠራ ሰው ሁሉ ቢያነበው መልካም ነው። የመቅደሱን ፍራሽ ያድሱበት ዘንድ ገንዘቡ ለካህናቱ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ንጉሡ 23ኛ ዓመት ድረስ ቤቱ አልታደሰም ነበር። እነዚህ ከገበያ የተጠሩ ያልታወቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ካህናት ነበሩ! ሥራ ሳይለካበት በእጅ የተቀመጠ ገንዘብ የተቀደሰውን እጅ እንኳ ያዘገያል። ንጉሡም ዮዳሄንና ካህናቱን ጠርቶ ወቀሰ፥ ወኅኒ ግን አላወረዳቸውም፤ የአከፋፈሉን ሥርዓት ለወጠ እንጂ። በክዳኑ ቀዳዳ ያለው ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ ተቀመጠ፤ ገንዘቡ በበዛ ጊዜ የንጉሡ ጸሓፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ይቈጥሩት ነበር፤ ከዚያም ሥራውን በሚያሠሩት እጅ ለጠራቢዎችና ለግንበኞች፥ ለእንጨትና ለተወቀረ ድንጋይ ይወጣ ነበር። እነዚያ አሠሪዎችም በታማኝነት ይሠሩ ስለ ነበር ሒሳብ የሚጠይቃቸው አልነበረም። መልካም ሥርዓት መታመንን አላጠፋም፤ ስፍራ አዘጋጀለት።

አንተም እንግዲህ የዕቃውን ዋጋ ከእጅ ዋጋው ለይ። ቆርቆሮና ሚስማር፥ ስሚንቶና ቀለም የሚገዛ ከሆነ፥ ከሠራተኛው ጋራ ወደ ሱቁ ሄደህ ለነጋዴው ራስህ ክፈል። ይህን እርሱን በመጠራጠር አታድርገው፤ የሌላ ቤት ዕዳ እያስጨነቀው ሳለ የአንተን ገንዘብ በኪሱ ይዞ እንዳያድር ብለህ አድርገው። ከእጅ ዋጋው ደግሞ ሥራውን በራብ እንዳይጀምር የሚበቃውን በመጀመሪያው ቀን ስጠው። የእጅ ዋጋው 12,000 ብር ቢሆን፥ 3,000 ብር አስቀድሞ፥ የቀረውም ሥራው እየተፈጸመ በየደረጃው ቢከፈል፥ አንተም እርሱም በሰላም ታድራላችሁ። ውሉ በሁለት ወረቀት ይጻፍ፤ ማንበብ የማይችል እንደ ሆነ እርሱ በሚያምነው ሰው አፍ ይነበብለት። ወንድማማች ነን ብሎ ሳይጽፉ መቅረት ወንድማማችነትን ሲያፈርስ እንጂ ሲያጸና አይታይም። በሥራው መካከልም «እግረ መንገድህን ይህችን መደርደሪያ» ብለህ ብትጨምርበት፥ ዋጋዋንም ጨምርለት። በእግረ መንገድ የተሠራ ሥራ ስንት ድካም እንደ በላ የሚያውቀው የሠራው ነው።

ሥራው እስኪታይ ድረስ ጥቂት ማስቀረት ተገቢ ነው። ነገር ግን በሩ ገጥሞ፥ ጣሪያውም በውኃ ተፈትኖ ካላፈሰሰ በኋላ ያ ጥቂት የአንተ ገንዘብ አይደለም። ዋጋ ለማስቀነስ ሲባል በጥፍር እየፈለጉ ነውር ማውጣት፥ ማክሰኞ ና፥ ሐሙስ ና እያሉ በደጅ ማስጠናት፥ በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የተከለከለው ነው፤ ድኻው ተስፋው በደመወዙ ላይ ነውና ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈለው ሙሴ አዝዟል። ነቢዩ ኤርምያስም በ22ኛው ምዕራፍ ንጉሡን ኢዮአቄምን የወቀሰው ሰፊ ቤት ስለ ሠራ ብቻ አይደለም፤ መስኮቱን አስፍቶ፥ በዝግባ አስጊጦ፥ በቀይ ቀለም አስቀብቶ ሳለ ለሠራተኛው ዋጋውን ስላልሰጠ ነው። ጌታችን ራሱ በናዝሬት ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል። ሰዎች ለእጁ ሥራ የሚገባውን በጊዜው ይከፍሉት እንደ ነበረ ወንጌል አይነግረንም፤ በእኛ አገር ግን የእጅ ሥራ ያለውን ሰው መናቅ የቆየ በደል ስለ ሆነ፥ የናቅነውን ሰው ማስጠበቅ እንደ ኃጢአት አይታየንም።

አንተ ተማሪ ሆይ፥ ገና ቤት የለኝም ብለህ ይህን አትለፈው። ልብስ ሰፊው ከአንተም ቀብድ ይቀበላል፤ የሰፋውን ሱሪ ሳትወስድለት ሁለት ወር የምታስቀምጥበትም አንተ ነህ።

ቀብድ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። ሐዋርያው ጳውሎስ፥ እርሱም ድንኳን ሰፊ የነበረ፥ እግዚአብሔር መንፈስ ቅዱስን በልባችን መስጠቱን ለቆሮንቶስና ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፥ በግሪክ ቋንቋ አራቦን የሚለውን የገበያ ቃል ተጠቀመ፤ ይኸውም ቀሪው በእርግጥ እንዲመጣ አስቀድሞ የሚሰጥ ክፍያ ነው። ሰማያዊውን ተስፋ ለመግለጥ የተመረጠውን ነገር በአንድ በርና በሁለት መስኮት ምክንያት ልናረክሰው አይገባም። የአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፥ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ በውሉ ሌላ ቃል ከሌለ ደግሞ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፥ ተቀባዩም ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ምናልባት አሁን ቀብድህ ተበልቶ ይህን የምታነብ ትኖር ይሆናል። በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ጌታ እንዳስተማረ አስቀድመህ ብቻህን ወደ ቤቱ ሂድ፤ የታመመ ልጅ፥ ወይም ያልከፈለው ሌላ ባለቤት ታገኝ ይሆናል። ገንዘቡ ባይኖረው እጁ አለና፥ በገንዘቡ ፈንታ የሚሠራበትን ቀን ተነጋገሩ፤ የዕቃውን ወጪ ግን ከእንግዲህ ራስህ ያዝ። እምቢ ቢል ሁለት ሽማግሌዎች ይዘህ ተመለስ። ሽማግሌዎቹን ከመጥራትህም በፊት ባለፈው ዓመት ግድግዳህን የቀባው ሰው ቀሪ ሒሳቡን ተቀብሎ እንደ ሆነ ደብተርህን ተመልከት፤ ካልተቀበለም ዛሬ ሳይመሽ ላክለት።