ዕዳውና ሰውዬው፦ ከባሕር ስለሚመለሱ ልጆቻችን

መንገደኛ ቤቱ ገባ የሚባለው መቼ ነው? ጀልባው የብስ ሲነካ ነውን? ወይስ የወላጆቹን ደጃፍ ሲረግጥ? ይህ ጥያቄ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት ለምንኖር ሰዎች ከሕይወታችን የራቀ አይደለም። ባሕር ከማይታይበት ከዚህ ደጋ ተነሥተው፣ በደሴና በአፋር በረሃ በኩል ጅቡቲ ወርደው፣ ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ሳዑዲ ዓረቢያን የሚሹ ወጣቶች ብዙዎች ናቸውና። ስለ መሄዳቸው ብዙ ተብሏል፤ ስለ መመለሳቸው የተባለው ግን ጥቂት ነው።

መመለስ ከመሄድ የሚቀል ይመስለናል። ሆኖም በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ አጋማሽ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ከየመን ወደ ጅቡቲ ይመልሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በኦቦክ በኩል፣ ጎዶርያ በተባለው ጠረፍ አጠገብ ተገልብጠው ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን ወደ አገራቸው የመለሱ ነበሩ።

ከእንዲህ ያለው ሞት የተረፈው ልጅ ቤቱ ሲደርስ ምን ይጠብቀዋል? ሻንጣው የከበደ እንደ ሆነ እልልታ፤ እጁ ባዶ እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። «ምን ይዞ መጣ?» የሚለው ጥያቄ «እንዴት ተረፈ?» የሚለውን ይቀድማል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ፣ ብዙዎቹ የለፉበትን ትተው ከለበሱት ልብስ በቀር እምብዛም ሳይዙ ነበር የገቡት።

ለቤተሰቡም በእውነት እንፍረድ። ልጁን ለመላክ በሬ ተሽጧል፤ መሬት በወለድ አገድ ተይዟል፤ ከጎረቤት ብር ተበድሯል። «በምን ልክፈለው?» ብሎ የሚጨነቅ አባት ስስታም ሊባል አይገባውም። ዕዳው እውነተኛ ነው፤ አበዳሪውም ምናልባት እንደ እርሱ ድኻ ነው። ስለዚህ «ፍቅር ይበቃል» ብለን ብቻ ብናልፍ ፍትሕን እንበድላለን።

ይሁን እንጂ ዕዳው ሌላ፣ ሰውዬው ሌላ ነው። ጉዞው በቤተሰብ ምክር የተወሰነ ከሆነ፣ ትርፉን በአንድነት ሊካፈል ያሰበ ቤት ኪሳራውንም በአንድነት ሊሸከም ይገባዋል። ልጁ ግን ለብድር የተያዘ መያዣ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ አለመፈጠሩን ሲያስተምሩ፣ ሰው የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ከአገሩ የመውጣት፣ እንዲሁም ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው አመልክተዋል። ይህን መብት የሚነፍጉት የድንበር ጠባቂዎች ብቻ አይደሉም፤ የቀዘቀዘ ደጃፍም ይነፍገዋል።

በዚህ ነገር የጠፋውን ልጅ ምሳሌ መጥቀስ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ገንዘቡን በከንቱ ያባከነ ነበር፤ የእኛዎቹ አብዛኞቹ ለፍተው፣ ተገፍተው፣ ተዘርፈው የመጡ ናቸው። ለአባካኙ የሮጠ አባት ካለ፣ ለተዘረፈው መሮጥ ምንኛ ይገባን! ታላቁ ወንድምስ ምን ጎደለው? ሂሳቡ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ከደስታው በፊት መቁጠሩ ነው። ዕዳ ይቆጠራል፤ ግን እግር ከታጠበ፣ እንጀራ ከተቆረሰ በኋላ ይቆጠራል።

ይህን ቅደም ተከተል ማዛባት ብርቱ መዘዝ አለው። በዝምታ የተቀበልነው ልጅ ሳይሰነብት ወደ ደላላው ይመለሳል። መጀመሪያ ያሻገረው ችግር ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚያሻግረው ኀፍረት ነው።

እንግዲህ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ተመላሽ መምጣቱን ስንሰማ አበዳሪው ከመድረሱ በፊት እኛ እንድረስ፤ ስላመጣውም አንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎች ከአበዳሪው ጋር ተቀምጠው ዕዳው በጊዜ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ያስማሙ። በወሎአችን ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድነት የሚያስተዛዝን ቅሬ አለን፤ ለሞተው የሚያዋጣ ቅሬ፣ ከሞት ተርፎ ለተመለሰውስ ስለ ምን አያዋጣም? ሦስተኛ፣ ከሰው ቤት ሠርተው ስለ ተመለሱ እኅቶቻችን የሚወራውን ሐሜት ከአፋችንም ከጆሯችንም እናርቅ።

በየመንደሩ ልጃቸው በባሕር ላይ የቀረባቸው፣ ሬሳ ሳያዩ የተቀመጡ ወላጆች አሉ። ባዶ እጁን የመጣ ልጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚጠራጠር ቢኖር፣ ሄዶ እነርሱን ይጠይቅ።