ሣጥኑን የሠራ ዘፈኑንም ይዘዝ ወይ?

ቴሌቪዥን፣ የእጅ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር እየሠራ የሚሸጥ ኩባንያ በዚያው ዕቃ ላይ የሚታየውን ድራማና ፊልምም ራሱ ቢያዘጋጅ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የነጋዴዎች ጉዳይ ይመስላል። «አሰላ ተቀምጠን፣ የካሊፎርኒያ ባለፋብሪካ ምን ቢሠራ ምን አገባን?» የሚልም አይጠፋም። ያገባናል። ነገሩ የትርፍና የኪሣራ ብቻ ሳይሆን፣ በመሣሪያ ባለቤትና በሥራ ባለቤት መካከል ሊኖር የሚገባው ግንኙነት ነገር ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የአርሲ ደጋ የሚመሰክረው አለው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ በአንድ ነገር እንስማማ፤ ሣጥን ብቻውን ሣጥን ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አጠገብ ልጅ ሳለ፣ ምሩፅ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በአምስት ሺህና በአሥር ሺህ ሜትር ማሸነፉን የሰማው በአባቱ ሬዲዮ እንደነበር ተናግሯል። ያን ልጅ ለሩጫ ያነሣሣው ምሩፅ እንጂ ሬዲዮኑ አይደለም። ሬዲዮኑ ባይኖር ግን ሞስኮ አሰላ ድረስ አትመጣም ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የሚያከራክረን ሁለቱ በአንድ እጅ ይግቡ ወይስ አይግቡ የሚለው ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ ዌስቲንግሃውስ የተባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ በ1920 ፒትስበርግ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ የከፈተው ሕዝቡ መቀበያ እንዲገዛ ብሎ ነው። በ1926 ኤን ቢ ሲ የተባለው የሥርጭት ድርጅት ሲቋቋም ዋናው ባለድርሻ ሬዲዮ ሻጩ አር ሲ ኤ ነበር። የጃፓኑ ሶኒም ቤታማክስ የተባለው የቪዲዮ መሣሪያው በቪ ኤች ኤስ ከተሸነፈ በኋላ፣ በ1989 ኮሎምቢያ የተባለውን የፊልም ድርጅት ገዛ። ስልክና ኮምፒዩተር ሠሪው አፕል ደግሞ በ2019 የራሱን ድራማዎችና ፊልሞች ማቅረብ ጀመረ። የሁሉም ስሌት አንድ ነው፤ ባዶ ሣጥን ማን ይገዛል?

በእኛም አገር ታይቷል። የሙዚቃ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ሙዚቃ ሻጭ በ1969 ያን አጥር ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። በዚያው ዘመን የሆላንዱ ፊሊፕስ፣ ያ አምፑል፣ ሬዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ሠሪ፣ የኢትዮጵያ ዘፋኞችን በራሱ ስም እያስቀረጸ ይሸጥ ነበር። ማጫወቻ ሠሪው ዘፈኑንም አሳተመ ማለት ነው። ታዲያ ጎዳን እንዴ? አይመስለኝም። ዘፋኙ በአንድ በር ፈንታ የሚያንኳኳው ብዙ በር አገኘ። ደግሞም የፊሊፕስን ሸክላ ለመስማት የግድ የፊሊፕስን ማጫወቻ መግዛት አያስፈልግም ነበር፤ በማንም ማጫወቻ ይዘፍናል። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ «መሣሪያ ሠሪ በሥራው ይወሰን፣ ጥበብን ለጥበበኞች ይተው» የሚሉ ወገኖች አንድ ጥያቄ መመለስ አለባቸው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ፊልም በምኞት አይሠራም። የኃይሌን ሕይወት የሚተርከው «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልም በ1999 ለዓለም የታየው በአሜሪካው ዲስኒ በኩል ነው። የበቆጂን ሯጮች የሚያሳየውን ዘጋቢ ፊልም በ2012 ያወጣው እንግሊዛዊ ዲሬክተር ነው። የገዛ ጋራችንን በሌላ ሰው ካሜራ አየነው። የዲኤስቲቪን ዲኮደር የሚሸጠው የደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ በ2021 አቦል የተባለውን የአማርኛ ቻናል ሲከፍት፣ ለተዋናዩም ለጸሐፊውም ለካሜራ ባለሙያውም እንጀራ ነው። አፕል ያቀረበው፣ መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ስለተወለደች ልጅ የሚተርከው «ኮዳ» በ2022 የኦስካርን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ መልካሙን መልካም ማለት ያስፈልጋል። ድሃ አርቲስትን «የነጋዴ ገንዘብ አትንካ» ብሎ መምከር፣ መካሪው ራሱ ካልተራበ ቀላል ነው።

ነገር ግን ሳሩን ስናይ ገደሉንም እንይ። እዚህ ላይ ነው አርሲ የምትመሰክረው።

በ1967 በስዊድን ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የምንለው፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ ተቋቋመ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ መርዳት ነበር። ሆኖም በዚያው ዘመን እርሻው አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር ማስገባት ጀመሩ። ትራክተር የያዘ ባለመሬት ጭሰኛ ምን ያደርግለታል? ብዙ ጭሰኛ ከሚያርሰው መሬት ተፈናቀለ። ትራክተሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ብረት ክፉም ደግም አይሆንም። መሣሪያውና መሬቱ በአንድ እጅ ሲገቡ፣ በመካከል የቆመው አራሽ አላስፈላጊ ሰው ሆነ።

አሁን ደግሞ ዛሬ በመኸር ወቅት በአርሲ ደጋ የሚሆነውን እንመልከት። ኮምባይነር መጥቶ ስንዴውን ያጭዳል፣ ይወቃል፣ ባለቤቱ በኩንታል ሒሳቡን ይቀበላል፣ ወደሚቀጥለው ማሳ ይሄዳል። በዋጋው እንጨቃጨቃለን፤ ዘገየ ብለን እናማርራለን። ማሳው ግን የገበሬው ነው። ኮምባይነሩ ገበሬውን «የምትዘራውን እኔ ልምረጥልህ» አይለውም። ትራክተሩም ኮምባይነሩም ሞተር ናቸው፤ ልዩነቱ ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን በሰዎቹ ግንኙነት ውስጥ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ቴሌቪዥኑ እንመለስ። የመጀመሪያው አደጋ የአፍ መዘጋት ነው። ጆን ስቱዋርት የተባለው አሜሪካዊ ቀልደኛና ተቺ ለአፕል ያዘጋጀው የነበረው ፕሮግራም በ2023 ተቋረጠ። ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው፣ ካላስማሙት ነገሮች መካከል ቻይናንና አርቲፊሻል ኢንተለጀንስን የሚመለከቱ ርእሶች ነበሩ። የአፕል ስልክ በብዛት ሲገጣጠም የኖረው ቻይና ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል። በ2024 ደግሞ ስቱዋርት፣ የአሜሪካን የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ትመራ የነበረችውን ሊና ካንን እንዳያነጋግር ኩባንያው ጠይቆት እንደነበር ለራሷ ነገራት። እንግዲህ አስቡት፤ ፊልም ብቻ የሚሠራ ድርጅት ስለ ፊልም ሥራ እንዳይነገርበት ይፈራ ይሆናል። ስልክ ሠሪ ግን ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ስለ ማዕድን፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ታላላቅ መንግሥታት ጠብ እንዳይነገርበት ይፈራል። የሣጥኑ ሥር በሰፋ ቁጥር ዝም የሚባልበት ነገርም ይሰፋል።

ሁለተኛው አደጋ የሥራው መታሰር ነው። ፊሊፕስ በ1963 የሙዚቃ ካሴትን ሲያወጣ፣ ሌሎችም ፋብሪካዎች ያለ ክፍያ እንዲሠሩት ፈቀደ። በዚህም ምክንያት አንድ የጥላሁን ገሠሠ ካሴት በጃፓኑም በሆላንዱም ቴፕ ይጫወት ነበር፤ ከአሰላ ተገዝቶ ኢተያ ቢወሰድ «እዚህ አልሠራም» አይልም ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ድራማ የሚከፈተው በባለቤቱ በር ብቻ ነው። ወርኃዊ ክፍያው ሲቋረጥ፣ ወይም ኩባንያው «አላዋጣኝም» ሲል፣ ሥራው ከነነፍሱ ይጠፋል። ለሣጥን ሠሪው ድራማው ገበያተኛ መሳቢያ ነውና፣ ገበያው ካልመጣ ማቆያ ምክንያት የለውም። ያው ፊሊፕስ በ1998 ፖሊግራም የተባለውን የሙዚቃ ድርጅቱን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጠው። በ2025 መልቲቾይስም በፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ እጅ ገብቷል። ሻጭና ገዢ ሲፈራረሙ ዘፋኙንና ተዋናዩን ማን ጠየቀ? ዘፈኑም ድራማውም በዕቃ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነው የሚያልፈው።

«ገንዘብ የሚያወጣ ሁሉ ጥቅም አለው፤ መንግሥትስ ቢሆን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ትክክል ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ማሠራጫውም ንግግሩም በመንግሥት እጅ ነበር፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታትም እንዲሁ ኖረ። ሥርዓቱ ሲለወጥ ዜናው አብሮ ተለወጠ፣ የንግግሩ ባለቤት ግን አልተለወጠም። ይህ ተቃውሞ ታዲያ ነገሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ማሠራጫና ቃል በአንድ እጅ መግባታቸው ምን እንደሚያስከትል እኛ ከሌላው በተሻለ እናውቀዋለን። እጁ የቤተ መንግሥት መሆኑ ቀርቶ የኩባንያ ስለሆነ ብቻ ነገሩ አይለወጥም።

ስለዚህ መልሴ «አይሥራ» አይደለም። መሣሪያ ሠሪ ድራማና ፊልም ቢያሠራ ነውር የለበትም፤ እንደ ትራክተሩ ጌታ ሳይሆን እንደ ኮምባይነሩ ባለቤት ከሆነ። ይኸውም በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ሥራው ከእርሱ ሣጥን ውጭም መታየት ይችላል ወይ? ሁለተኛ፣ ሠሪው ስለ ሣጥኑና ስለ ፋብሪካው ክፉም ደግም መናገር ይችላል ወይ? ሦስተኛ፣ ኩባንያው ሲሰለቸው ወይም ሲሸጥ፣ ሥራው ወደ ሠራው ሰው ይመለሳል ወይ? ለሦስቱም መልሱ አዎን ከሆነ ገንዘቡን እንቀበል፤ እናመስግንም። አይደለም ከሆነ፣ ተዋናዩ በገዛ ማሳው ላይ ጭሰኛ ሆኗል ማለት ነው። ጭሰኛም ቢሆን ይበላል፤ ግን እስኪነሣ ድረስ ነው።

ከነዚህ ሦስቱ አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ውል ሲቀርብለት «መብቴ ይመለስልኝ» ለማለት ጉልበት የለውም። ብቻውን ስለሆነ ነው። ቴሌቪዥን በተጀመረበት በዚያው በ1957 ዓ.ም. የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ከነሱ አብዛኛው አራሽ አልነበረም፤ ሆኖም ማን አረሰ፣ ማንስ ወሰደ ብሎ መጠየቅን የራሱ ጉዳይ አድርጎ ያዘው። ከእኛ መካከል ነገ ድራማ የሚጽፍ፣ ፊልም የሚያነሣ፣ ወይም የኩባንያውን ውል የሚያረቅቅ አይጠፋም። እስከዚያው በየስልካችን የምናየውን ስናይ፣ ማን ሠራው፣ የማንስ ሆነ ብለን እንጠይቅ። ሦስቱን መመዘኛዎች በቂ አይደሉም ወይም በዝተዋል የሚል ወገን ካለ፣ በሚቀጥለው እትም መልሱን እጠብቃለሁ።